ፀሐይ ትጠልቃለች ወይስ ትርቃለች?

ስለ ፕላኔቶች እንቅስቃሴ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ምድር ጠፍጣፋ ብትሆንስ? ፀሐይ ከበላያችን እየዞረች ስትርቅ የጠለቀች መስላ ታይታን ይሆናል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ያ ሳቅ አሳፈረኝ። ከሳቁት መካከል ምድር ሉል ለመሆኗ «መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ» ከማለት ያለፈ ማስረጃ ሊያቀርብ የሚችለው ስንቱ ነበር?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሮውቦታም እ.ኤ.አ. በ1849 «ፓራላክስ» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ ምድር ጠፍጣፋ ናት ሲል ተከራክሯል። በዘመናችን ያሉት ደጋፊዎች ብዙውን ጊዜ እንደሚገልጹት ምድር ሰሜን ዋልታን መካከሏ ያደረገች ዝርግ ክብ ናት፤ ፀሐይም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆና በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች።

እንግዲህ ሐሳቡን ለጊዜው እንቀበልና የሚያስከትለውን እናስላ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ መጋቢት 11 ገደማ፣ ፀሐይ በምድር ወገብ አናት ላይ ትሆናለች። ከዋልታው እስከ ምድር ወገብ 10,000፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀትር ስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ የዙረቷን ሩብ ትሄዳለች፤ በፓይታጎረስ ቀመር መሠረት ከእኛ ያላት አግድም ርቀት 13,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ፀሐይ በዚያች ሰዓት ከአድማስ 20 ዲግሪ ከፍ ብላ መታየት ነበረባት፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ከ14 ዲግሪ በታች አትወርድም። ሁለተኛ፣ ወርዷ በቀትር ከነበረው ወደ ሲሶው መቀነስ ነበረበት። ሦስተኛ፣ የምትታየው በሰሜን ምዕራብ በኩል መሆን ነበረበት። እኛ የምናየው ግን በሙሉ መጠኗ፣ በትክክል በምዕራብ፣ አድማስ ስትነካ ነው።

«ርቀት ነገሮችን ወደ አድማስ ዝቅ ያደርጋል» የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ርቀት ሙሉውን አካል ያሳንሳል እንጂ የታችኛውን ግማሽ ቀድሞ አይቆርጥም። የምትጠልቅ ፀሐይ ግን ከሥር ጀምራ ትሸፈናለች።

የ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፍታም ቢሆን አይጸናም። በዚያው ዕለት ቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ 81፣ በካይሮ 60፣ በሞስኮ 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ከተሞቹ ከምድር ወገብ ያላቸውን ርቀት በየማዕዘኑ ታንጀንት ብናበዛ ከፍታዋ በቅደም ተከተል 6,300፣ 5,770 እና 4,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዲት ፀሐይ ሦስት ከፍታ ሊኖራት አይችልም። ምድር ሉል፣ ፀሐይም 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ከሆነች ግን ጨረሮቿ ትይዩ ሆነው ስለሚደርሱ ከ90 ላይ የየቦታውን ኬክሮስ መቀነስ ብቻ ሦስቱንም ማዕዘኖች ይሰጣል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔንም አትመኑ፤ ለኩ። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አብጁና የፀሐይን ምስል አንድ ሜትር ርቆ በተቀመጠ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉ፤ ፀሐይን ግን በቀጥታ አትመልከቱ። ወርዱ በቀትር 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ምሽት ላይ ድገሙት፤ 3 ካገኛችሁ ተማሪዬ ረትቷል፣ 9 ካገኛችሁ ሐሳቡ ወድቋል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪውን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ካርቶኑንም አስቀድሜ ለእርሱ ሰጠሁት።