ስልኩ የሚያጠፋው ጥላ፦ ፎቶግራፍን ለብቻ መማር

እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስ እና ኢንስታግራም ለሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች ለእያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር ሰጥተው ነበር። ከሦስቱ አንዱ የአዲስ አበባው ግርማ በርታ ነው። ግርማ ፎቶግራፍን የተማረው በራሱ ነው፤ ለዚህ ያበቃውን «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተሰኘ ሥራ ያነሳው ደግሞ በአይፎን ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ «የትኛው አይፎን?» ብዬ ነበር።

ሥራውን ላላያችሁት፦ ግርማ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚያገኛቸውን ሰዎች ያነሳል፤ ከዚያ ከኋላቸው ያለውን ሁሉ አውጥቶ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን ያስቀምጣቸዋል። የሚቀረው ሰውየውና ጥላው ነው። ጥላው ባይኖር ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር። እና ይህንን አንድ ጊዜ ሠርቶ አልተወውም፤ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ሰው፣ በሌላ ቀለም እየደጋገመ ነው የሠራው። ስልኩን ትቼ ይህን ድግግሞሽ ለመቅዳት ወሰንኩ።

የምኖረው በአምስተርዳም ምዕራብ፣ በኒው ዌስት ነው። አብዛኛው ሰፈር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ስለሆነ መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃውም የተራራቀ ነው፤ ለጥላ ይመቻል። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ እዚህ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች (ከወጣች ማለቴ ነው)። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 57 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው አዲስ አበባ ላይ የ1.10 ሜትር ያህል ጥላ ሲኖረው፣ እዚህ ከ6.5 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ለሦስት ወር አንድ ደንብ አወጣሁ፦ አንድ ሌንስ፣ ዙም የለም፣ ጥላው ሙሉ በሙሉ ፍሬሙ ውስጥ ይግባ።

መጀመሪያ የተቃወመኝ ስልኩ ነው። የዛሬ ስልኮች አንዴ ስትጫኑ ብዙ ፍሬሞች አንስተው ያዋህዱና ጨለማውን ቦታ ያበሩታል። ለቤተሰብ ፎቶ ግሩም ነው፤ የእኔን ጥላ ግን አመድ አስመሰለው። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ደማቁን ቦታ በጣት ተጭኖ መቆየትና ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያ ወደ ታች መሳብ። ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በ«ሮው» ማንሳት ይሻላል።

ጥላውን ከአስፋልቱ ማላቀቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰውየውን በማስክ መለየት አይከብድም፤ ጥላው ግን ጠርዙ ስለሚደበዝዝ እንዲሁ ቢቆረጥ የአስፋልቱን ግራጫ ይዞ ይመጣል። እኔ ጥላውን ለብቻው ሌየር ላይ አድርጌ፣ አስፋልቱ ነጭ እስኪሆን አበራውና «መልቲፕላይ» በሚባለው ስልት ከአዲሱ ቀለም ጋር አቀላቅለዋለሁ። ስሙ እንደሚለው ማባዛት ነው። ነጭ 1 ስለሆነ ቀለሙን አይነካውም፤ የጥላው 0.4 ከቀለሙ 0.8 ጋር ሲባዛ 0.32 ይሆናል፣ ያው ቀለም ጠቆር ብሎ ይወጣል። (በዜና ፎቶ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። መቀመጫው አምስተርዳም የሆነው ወርልድ ፕረስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ካለፉት ሥራዎች 20 በመቶውን የጣለው በሶፍትዌር ከልክ በላይ ስለተነካኩ ነው።)

አስተማሪ ስላልነበረኝ ስህተቴን የሚነግረኝ ነገር ፈለግሁ። እያንዳንዱ ፎቶ «ኤግዚፍ» የሚባል መረጃ ይዞ ይመጣል፦ ሰዓቱን፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ አይኤስኦውን። ፎቶዎቹን ወዲያው ከስልኬ ወደ ቤቴ ኮምፒውተር የሚገለብጥና የጣልኳቸውን ካስቀረኋቸው ጋር የሚያወዳድር አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። የሚራመድ ሰው ሳነሳ ፍጥነቱ ከ1/250 ሰከንድ ሲያንስ እግሩ እየተደበዘዘ እንደምጥለው ያወቅሁት ከዚያ ነው። ዓይኔ ሳምንታት ሙሉ አላየውም ነበር።

ስክሪፕቱ ያላሰብኩትን ነገርም አስተማረኝ። አንድ ከሰዓት ፕላይን 40-45 ገበያ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት አነሳሁ። አይተውኛል።

«ልጄ፣ አሁን እኔን ነው ያነሳኸኝ?»

«አዎ እማማ፣ ግን ፊትዎ አይታይም፤ ጥላዎን ነው።»

«ጥላዬስ የማን ነው? አጥፋው።»

እያዩኝ አጠፋሁት። አልሄዱም። «ከተጣለበትም አጥፋው፤ ልጄ ነግራኛለች፣ 30 ቀን ይቀመጣል።» እውነታቸውን ነው፣ ከዚያም አወጣሁት። አመስግነውኝ ሄዱ።

ማታ ቤት ስገባ ፎቶው ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። ስክሪፕቴ ከመጥፋቱ በፊት ገልብጦታል፤ ኮዱን ስጽፍ መጨመርን እንጂ መቀነስን አላሰብኩም። ለእኚያ እናት በገበያ መሐል የዋሸሁት በራሴ ኮድ ነው። ፎቶውን አጥፍቼ፣ ስልኩ ላይ የጠፋ ሁሉ ኮምፒውተሩም ላይ እንዲጠፋ ያንኑ ሌሊት አስተካከልኩት።

ቀድሜ ባስፈቅድ ሰዉ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እርምጃውም ይሞታል። ስለዚህ አሁን ካነሳሁ በኋላ ስልኩን አዙሬ አሳያለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ላክልኝ ይላል፣ አንዳንዱ አጥፋው ይላል። ባለፈው ሳምንት አንድ አጥፍቻለሁ፤ ጥላው እስከ ትራሙ ሐዲድ ድረስ ተዘርግቶ ነበር።