ግድቡና የፍሬሽማን ሒሳብ

አንዲት ልጅ ኢንጂነሪንግ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሰፈሩ ማዕረጉን ቀድሞ ይሰጣታል፤ ሻንጣዋን ሳትፈታ «ኢንጂነር» ተብላ ትጠራለች። ከሁለት ወር በኋላ እናቷ ደውላ «ምን እየተማርሽ ነው?» ስትላት የምትሰማው ግን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ስፖርት የሚል ነው። ድልድይ የለ፣ ሞተር የለ። እናት «ታዲያ ምህንድስናው መቼ ነው?» ብትል አይፈረድባትም፤ ይኸው ጥያቄ በየዶርሙም ማታ ማታ ይነሣል። ምህንድስናው ተጀምሯል፤ ያለው በሒሳብ ደብተሯ ውስጥ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት (ፍሬሽማን) የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ሆኗል። ምህንድስና ይህን ዓመት ጨምሮ 5 ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሴሚስተር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኮርስ ይወስዳሉ። በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ኢንጂነሪንግ የሚያመሩት ይለዩና አፕላይድ ማቲማቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ይገጥማቸዋል። ሲቪል፣ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኬሚካል የሚለው የዲፓርትመንት ምርጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚደናገጠው በጥያቄው ዓይነት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ለእሱ የተዘጋጀች ጎበዝ ተማሪ የማይሆኑትን አማራጮች መጣል፣ የቀሩትን በቀመሩ ውስጥ እየተኩ መሞከር ትለምዳለች። ለዚያ ፈተና ይህ ብልሃት ነው፤ ነውር የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ከጥያቄው በታች ያለው ወረቀት ባዶ ነው፤ መምህሩም ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ ያርማል። ከሚድ ፈተና በኋላ «ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» የሚሉ ልጆችን ስሰማ አዝናለሁ፤ ብዙዎቹ የጎደላቸው እርምጃ በእርምጃ የመጻፍ ልማድ ብቻ ነውና። ይህ ደግሞ በሥራ ይመጣል። ዎርክሺቱን መልሱን ሳያዩ መሥራት፣ የተሠራውን ለዶርም ጓደኛ ማስረዳት፣ ጓደኛዋ «ይሄ ከየት መጣ?» ያለችበትን መስመር እንደገና መጻፍ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረው የሲኒየሮች የፈተና ወረቀትም ለልምምድ ደህና ነው፤ ከነመልሱ የሸመደደው ተማሪ ግን ቁጥሩ ሲለወጥበት ይወድቃል።

ይህ ድካም ወዴት እንደሚያደርስ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የሕዳሴው ዋና ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃ እንዲህ ያለውን ግድብ በምን ያህል ኃይል ይገፋዋል? ስሌቱ እንዲቀለን የውኃውን ጥልቀት 100 ሜትር እናድርገው።

አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የግድብ ገጽ የ10 ቶን ክብደት ያህል ይገፋል፤ 50 ሜትር ላይ 50 ቶን፣ 100 ሜትር ላይ 100 ቶን። እስከዚህ ድረስ ማባዛት ይበቃል። ጠቅላላውን ግፊት እናግኝ ስንል ግን እንቸገራለን። ግፊቱ በየሴንቲሜትሩ እየጨመረ ስለሚሄድ የቱን ቁጥር እንደምናባዛ አናውቅም። ኢንተግራል ለእንዲህ ያለው ችግር የተበጀ መፍትሔ ነው። የግድቡን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣም ስስ በሆኑ አግድም ቁራጮች ይከፍላል፤ በአንድ ስስ ቁራጭ ላይ ግፊቱ ያው አንድ ነው ማለት ስለሚቻል የእያንዳንዱን ያሰላና ሁሉንም ይደምራል። 1 ሜትር ስፋት ላለው የግድብ ክፍል ድምሩ 5,000 ቶን ይመጣል። ውኃው 50 ሜትር ብቻ ቢጠልቅ ኖሮ 1,250 ቶን ይሆን ነበር። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጠቅላላው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር ይወጣል። ጥልቀቱን እንጂ ውኃው ወደ ኋላ ምን ያህል እንደተንጣለለ የትም አላስገባንም። ከሕዳሴው ጀርባ ያለው ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል። የረጋው ውኃ በግድቡ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት የሚወስነው ግን ግድቡ ሥር ያለው ጥልቀት ነው፤ ሐይቁ በእጥፍ ቢረዝምና ጥልቀቱ ባይለወጥ ግፊቱ ያው ነው። ይህን በዓይን አይቶ መገመት አይቻልም፤ እንዲያውም ዓይን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ሕዳሴው በራሱ ክብደት ግፊቱን ተቋቁሞ የሚቆም የኮንክሪት ግድብ ነው። ከጎኑ ተቆርጦ ቢታይ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ስሌት ይመነጫል።

ፕሮግራሚንግ ከዚህ የራቀ ትምህርት አይደለም። ያንኑ ግድብ አንድ ሺህ ቦታ ከፍሎ የየቁራጩን ግፊት የሚደምር ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ቢጻፍ ዋናው ሥራ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ተማሪዋ በእጇ ካገኘችው 5,000 ጋር የኮምፒውተሩን መልስ ስታስተያይ ሁለቱን ኮርሶች በአንድ ጊዜ ትረዳለች። መምህራን ሁለቱን እንዲህ አያይዘው ቢያስተምሩ እወዳለሁ፤ ኮርሶቹ ለየብቻ ሲሰጡ ተማሪው የሚያገናኛቸውን ክር ሳያይ ዓመቱ ያልፋል።

ከሌሎቹ የጋራ ኮርሶች መካከል ሎጂክን ተማሪዎች ይንቁታል። ከማስረጃው ወደ ድምዳሜው በትክክል መሄድን የሚያስተምር ኮርስ ግን የተሰነጠቀ ግድግዳ ፊት ቆሞ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ለሚባል ሰው ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ሌክቸሩ፣ መጽሐፉና ሪፖርቱ ሁሉ በዚያ ስለሆነ የሚታለፍ አይደለም።

ወደ ዲፓርትመንት ምርጫ ስንመጣ የቤተሰብ ድምፅ ይበረታል። «ሶፍትዌር ግቢ፣ ገንዘቡ እዚያ ነው»፣ «ሲቪል ሥራ አያጣም» ይባላል። ውድድሩ በውጤት ስለሆነ የምትፈልገውን ለማግኘት ጂፒኤዋን መያዝ አለባት፤ ይህ አያከራክርም። የምትፈልገውን ለማወቅ ግን የዲፓርትመንት ስም ከመምረጧ በፊት ልትፈታው የምትፈልገውን ችግር ብታስብ ይበጃታል። የአንድ ትንሽ ከተማ የቧንቧ ውኃን እንውሰድ። ማጠራቀሚያውንና መስመሩን የሚዘረጋው ሲቪል ወይም የውኃ መሐንዲስ ነው። ፓምፑ የመካኒካል፣ ፓምፑን የሚያሠራው መብራትና መቆጣጠሪያው የኤሌክትሪካል፣ ውኃውን ማጣራትና ማከም የኬሚካል ሙያ ይፈልጋል። የቆጣሪ ንባቡንና ሂሳቡን የሚያቀላጥፍ ሥርዓት የሶፍትዌር ነው። ከነዚህ መካከል ሳትሰለች ለሰዓታት ልትቆይበት የምትችለው የቱ ነው? ይህን ራሷን ከጠየቀች የአክስትና የአጎት ምክርም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ዕቅዷ ከዲፓርትመንት ማዶም ማየት አለበት። ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ኢንተርንሺፕ አለ፤ ድርጅት ገብታ ሥራውን በተግባር የምታይበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ፈተናው የዓመታቱን መሠረታዊ ኮርሶች ስለሚጠይቅ የፍሬሽማንን ሒሳብ አድበስብሶ ያለፈ ተማሪ በላዩ የተሠሩትን ኮርሶችም አድበስብሶ ይደርሳል።

ክረምት ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ፈተናውን ለጊዜው ትተወው። የከተማዋ ውኃ አገልግሎት ቢሮ ሄዳ የማጠራቀሚያ ታንከሩን ለማየት ፈቃድ ትጠይቅ። በታንከሩ ያለው ውኃ ከቧንቧው 20 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ቧንቧው ተዘግቶ ውኃው ሲረጋ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 2 ኪሎ ግራም ያህል መግፋት እንዳለበት በፍሬሽማን ሒሳብ ብቻ ማስላት ትችላለች። ከዚያ እቤቷ ቧንቧ ከፍታ ውኃው ለምን ያን ያህል ጉልበት እንደሌለው ትጠይቅ። በመስመሩ ርዝመት፣ በቧንቧው ጥበትና በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ወደፊት በሃይድሮሊክስ ኮርስ የሚጠብቃት ነው።