ሰኔ 30 የሚያበቃ ድጎማ

የደባርቅና የዳባት ገበሬ ዓመቱን የሚቆጥረው በዝናብ ነው፤ የመንግሥት በጀት ግን ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ገብሱና ስንዴው ገና ሲዘራ፣ ዩሪያውም በቡቃያው ላይ ሳይጨመር፣ የአንዱ ዓመት አዋጅ ተዘግቶ የሌላው ይከፈታል። ለመሆኑ ለማዳበሪያ የተመደበው ድጎማ ከአዋጁ ጋር አብሮ ያበቃል ወይስ ሐምሌ 1 ቀን እንደቀጠለ ይቆጠራል? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በጎንደር ከተማ እንጀራውን በደመወዙ የሚገዛውን ወዛደርም ይመለከታል።

አሜሪካ ጉዳዩን በሕግ ወስናዋለች። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የበጀት ሕግ፣ ወጪያቸው በዓመት ከ50 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ነባር ፕሮግራሞች ሕጋቸው ቢያበቃም እንደቀጠሉ ተቆጥረው እንዲገመቱ ያዛል፤ የእርሻ ድጎማም ከእነዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የእርሻ ሕግ በ2023 ዘመኑ አበቃ፤ ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ዓመት ተራዘመ፤ በ2025 ደግሞ የሰብል ድጎማው በሌላ ሕግ ለዓመታት ተቀጠለ። በግምቱ ሰንጠረዥ ላይ ግን ድጎማው አንድም ቀን አልተቋረጠም። በዚህ አሠራር የቆየውን ድጎማ እንዳለ ማደስ ወጪ የሌለው ሥራ መስሎ ይታያል፤ አዲስ ነገር የሚጠይቅ ግን ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ምንጩን አሳይ ይባላል። ከተወሰነው መጠን በታች የሆኑት ትናንሽ ፕሮግራሞችም በግምቱ ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው «ወላጅ አልባ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የበቆሎና የጥጥ ባለ ሰፊ መሬት የተመቸው ግምት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የማዳበሪያ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ተነሥቶ ገበሬው ሙሉውን ዋጋ ሲሸከም ኖረ። የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዋጋ ባናረበት በ2014 ዓ.ም. መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የከረጢቱ ዋጋ በብር ሊያሻቅብ ግድ ሆነ። ለ2017 በጀት ዓመት 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ጸድቆ ነበር፤ ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ በጀት ሲታወጅ ከምክንያቶቹ አንዱ የማዳበሪያ ድጎማ ነበር። እንግዲህ የአሜሪካው ድጎማ በግምት ውስጥ አይሞትም፤ የእኛው ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወለዳል፤ አንዳንዴም ከዓመቱ አጋማሽ ጥቂት ቀደም ብሎ።

ዳባት ላይ ይህ ምን ማለት ነው? ማዳበሪያ ዛሬ ታዝዞ ነገ አይደርስም። ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ በጎንደር በኩል ወደ ስሜን ግርጌ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ግዢው የሚጀመረው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ድጎማ ቢቀጥልና ባይቀጥል ወጪው ስንት እንደሚሆን ጎን ለጎን የሚያሳይ ግምት ነው፤ ይህም በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ ብቻ ሳይሆን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ሊነበብ ይገባል። የልማት ሠራተኛው በቀበሌ እየዞረ የማዳበሪያ ፍላጎት ሲመዘግብ ገበሬው የሚናገረው የኩንታሉን ቁጥር ነው፤ ዋጋውን የሚሰማው ግን ከወራት በኋላ፣ በሬው ከተጠመደ ወዲያ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ነው።