ቀለም ከማስቀባት በፊት፤ የቆላ ፀሐይ ያደበዘዘው መኪና በፖሊሽና በሰም ይመለሳል?

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ጣቱን በኮፈኑ ላይ ሳብ ያደርጋል፡፡ ጣቱ ላይ የመኪናውን ቀለም የመሰለ ዱቄት ከቀረ የዋጋው ክርክር ከዚያ ይጀምራል፡፡ ሞተሩ ጤነኛ፣ ካምቢዮው ያልተነካ ቢሆንም ገዢው «ይህ እኮ ቀለም ይፈልጋል» ብሎ ለቀለም የሚወጣውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል፡፡ ሻጩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም፡፡ ወይ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ወይ መኪናውን ወስዶ ያስቀባል፡፡

ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፡፡ የደበዘዘ ቀለም ሁሉ የሞተ ቀለም አይደለም፡፡ ከላይ የሞተው ስስ ሽፋን ብቻ ከሆነ እሱን አንስቶ፣ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ቀለም አለስልሶ፣ በሰም መሸፈን ይቻላል፡፡ ጥያቄው የትኛው ቀለም እንደሚድን፣ የትኛው እንደማይድን ለይቶ ማወቅ ነው፡፡

ጉዳዩ ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ይከብዳል፡፡ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፡፡ ስለዚህ በእጅ ያለ አሮጌ ቶዮታ ዋጋው የሚከበር ንብረት ሆኗል፡፡ የንብረቱ ልብስ ደግሞ ቀለሙ ነው፡፡

ከጣርማ በር እስከ ሮቢት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፡፡ ዋሻውን አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፡፡ በአንድ ሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ወረደ ማለት ነው፡፡ አየሩም ከአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፡፡ ሹፌሩ ካፖርቱን ሲያወልቅ መኪናው ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም፡፡

በደጋው ሙቀቱ ቢቀንስም አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፡፡ በቆላው ደግሞ ሙቀቱ፣ አቧራውና ላቡ ይጨመራል፡፡ በይፋት ቆላ እስከ አጣዬና ከሚሴ ድረስ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ሁለቱንም በየቀኑ ይቀበላሉ፡፡ ሽንኩርትና ማሾ ሊጭን ወደ እርሻ መንገድ የገባ መኪና አቧራውን ጨምሮ ይወጣል፡፡

ቀለሙ ለምን ይደበዝዛል?

የመኪና ቀለም ማለት ደረቅ የቀለም ዱቄት በሙጫ ተይዞ በብረት ላይ የተዘረጋ ሽፋን ነው፡፡ ጨረሩና አየሩ በጊዜ ብዛት ሙጫውን ይሰባብሩታል፡፡ ሙጫው ሲሰባበር ዱቄቱ ይፈታል፡፡ ገዢው በጣቱ ያገኘው እሱን ነው፡፡ ገጹ ሻካራ ስለሚሆንም ብርሃን እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ መመለሱ ቀርቶ ይበታተናል፡፡ ለዓይናችን «ደበዘዘ» የሚመስለው ይኸው ነው፡፡ ቀድመው የሚጎዱት ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበሉት ጣሪያውና ኮፈኑ ናቸው፡፡ በሮቹ እንደ ነበሩ ሆነው ጣሪያው የነጣበት መኪና የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሌሎችም ጠላቶች አሉ፡፡ የወፍ ኩስ በሞቃት ኮፈን ላይ ከዋለ ቀለሙን ይበላል፡፡ የግራር ሙጫም ተጣብቆ ይደርቃል፡፡ ስለዚህ ከፀሐይ ሽሽት በዛፍ ሥር ማቆም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ የቆርቆሮ ወይም የሸራ ዳስ ይሻላል፡፡ ከአስፋልት የሚፈናጠር ሬንጅ፣ ፀሐይ ላይ ታጥቦ ሳይደረቅ የቀረ ውኃ የሚተወው ነጭ ጠብታም እንዲሁ ምልክት ይጥላሉ፡፡

በነጭ ጨርቅ መለየት

ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ቀለም ነው፡፡ አሮጌ መኪኖችና ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ይህን ይይዛሉ፡፡ ሁለተኛው ከቀለሙ በላይ መስታወት የመሰለ የጠራ ቫርኒሽ የተደረበበት ነው፡፡ ይህ ከ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ወዲህ በቤት መኪኖች ላይ እየተለመደ መጥቷል፡፡

መለያው ቀላል ነው፡፡ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ ከማይታይ ሥፍራ ላይ ማሸት ነው፡፡ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ አንደኛው ዓይነት ነው፤ ካልያዘ ከላይ ቫርኒሽ አለ፡፡

አንደኛው ዓይነት ዱቄት ቢያወጣም ከሥሩ ያው ቀለም ስላለ ብዙውን ጊዜ ይድናል፡፡ ቫርኒሹ ግን ልክ አለው፡፡ ከጭጋግና ከስስ ጭረት ያለፈ ካልሆነ ይመለሳል፡፡ እንደ ተላጠ ቆዳ ጠርዙ ተነስቶ ከተቀረፈ ግን ፖሊሽ አያድነውም፤ ያን ጊዜ መቀባት ግዴታ ነው፡፡ ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረትም በፖሊሽ አይጠፋም፡፡

ሦስቱን አለማምታታት

በገበያ ላይ ሁሉም «ፖሊሽ» ተብለው ይሸጣሉ፡፡ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፡፡

ኮምፓውንድ ደቃቅ አሸዋነት ያለው ቅባት ነው፡፡ የሞተውን ቀለም ፍቆ ያነሳል፡፡ ፖሊሽ ከኮምፓውንድ የላመ ነው፡፡ ኮምፓውንዱ የተወውን ስስ ጭረት ያለሰልሳል፤ ብርሃኑን የሚመልሰው እሱ ነው፡፡ ሰም ደግሞ ምንም አይፍቅም፡፡ የተገኘውን ብርሃን ይሸፍናል፣ ውኃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፡፡ በደበዘዘ ቀለም ላይ በቀጥታ ሰም መቀባት ሳይታጠቡ ቅባት እንደ መቀባት ነው፤ ለቀናት ያበራል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ልኬት ማወቅ ይጠቅማል፡፡ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከሥር እስከ ላይ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፡፡ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ የላይኛው ቫርኒሽ ከ50 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው፡፡ ኮምፓውንድ በተደረገ ቁጥር ከዚህ ላይ ይቀነሳል፡፡ የተቀነሰው ደግሞ አይመለስም፡፡ ስለዚህ ኮምፓውንድ በየወሩ የሚደረግ ሥራ አይደለም፡፡ ሰም ግን በየወሩ ቢደረግ ጉዳት የለውም፡፡

ሥራው በተራ

1. ጊዜ መምረጥ፡፡ በቆላ አገር ይህ ሥራ ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ይሠራል፡፡ ብረቱ በመዳፍ ሲነኩት ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፡፡ በሞቀ ኮፈን ላይ የተደረገ ኮምፓውንድ ወዲያው ደርቆ ራሱ ጭረት ይሆናል፡፡

2. ማጠብ፡፡ መጀመሪያ ብዙ ውኃ አፍስሶ አቧራውን ማውረድ ነው፡፡ ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ ከጣሪያ ወደ ታች ይታጠባል፡፡ ሁለት ባልዲ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁን ለማጠብ፡፡ አሸዋ የያዘ ስፖንጅ ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም፡፡

3. የተጣበቀውን ማንሳት፡፡ ሬንጅ በጨርቅ ላይ በተደረገ ጥቂት ላምባ ይለቃል፤ ቦታው ወዲያው በሳሙና መታጠብ አለበት፡፡ የደረቀ የወፍ ኩስ አይፋቅም፤ እርጥብ ጨርቅ ተጥሎበት ሲለሰልስ ይነሳል፡፡

4. ኮምፓውንድ፡፡ የሁለት መዳፍ ያህል ቦታ ብቻ እየያዙ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በስፖንጅ በመጠነኛ ኃይል ማሸት ነው፡፡ ሙሉ ኮፈን በአንድ ጊዜ መቀባት ስህተት ነው፡፡ በማሽን የሚሠራ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም፤ ማሽኑ ባለበት ከቆመ ቀለሙ ይቃጠላል፡፡ በጠርዝና በማዕዘን ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እዚያ በእጅ፣ ቀስ ብሎ መሥራት ነው፡፡

5. ፖሊሽ፡፡ ጨርቁ ተለውጦ በዚያው አኳኋን ይሠራል፡፡ ዚፕ፣ ቁልፍ ወይም ስፌት ያለበት አሮጌ ልብስ መጠቀም የድካሙን ዋጋ ያጠፋል፡፡

6. ሰም፡፡ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ነው፡፡ ወፍራም ሰም ይበልጥ አይከላከልም፤ ጨርቅና ጉልበት ብቻ ይጨርሳል፡፡

የአገራችን ሰም ይሆናል?

ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ የንብ ሰም ለቆዳና ለእንጨት ዕቃ ማብሪያ የታወቀ ነው፡፡ ችግሩ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መሆኑ ነው፡፡ በቀትር ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፈን ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት የንብ ሰም ብቻውን ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል፡፡

የመኪና ሰም ፋብሪካዎች ካርናውባ የሚባለውን የሚመርጡት በዚህ ነው፡፡ ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ላይ የሚገኝ ደረቅ ሰም ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፡፡ እሱም ቢሆን በጥሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው የሚቆየው፡፡ በቆላ ሙቀትና በየቀኑ ለሚታጠብ ሚኒባስ ከወር ያልፋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፡፡ ሰው ሠራሽ መከላከያዎች ከዚያ ይረዝማሉ፡፡ ሴራሚክ የሚባለው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ቀለሙም አስቀድሞ በሚገባ ካልተስተካከለ እንከኑን ከሥሩ አትሞ ያስቀረዋል፡፡

ርካሽ መስሎ የሚያስከፍል

ናፍጣ የነከረ ጨርቅ መኪናን ለአፍታ ያበራል፡፡ ብርሃኑ ግን የቅባት እንጂ የቀለም አይደለም፡፡ አቧራ ይይዛል፣ የበርና የመስታወት ጎማዎችን ያበላሻል፡፡ መኪናው ወንዝ ዳር ከታጠበ ደግሞ ናፍጣው ወደ ውኃው ይገባል፡፡ ያ ውኃ ከታች ባለው እርሻ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣል፡፡

ለልብስ የተሠራ ዱቄት ሳሙናም ቅባት ለማውጣት የተዘጋጀ ስለሆነ ሰሙን አብሮ ያወጣል፡፡ ትናንት ሰም ተደርጎ ዛሬ በኦሞ የታጠበ መኪና ገንዘቡ በቦይ ሄዷል፡፡ ከሁሉ የከፋው አቧራ ለብሶ የቆመን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፡፡ ፀሐይ ላይ ሲታይ የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው፡፡

ሂሳቡ

የእጅ ዋጋ ከከተማ ከተማ ይለያያልና በቀን እናስላው፡፡ ሙሉ ቀለም ማለት ዕቃ መፍታት፣ መፋቅ፣ ስቱኮ፣ መሠረት ቀለም፣ ዋና ቀለምና ማድረቅ ነው፡፡ መኪናው ለብዙ ቀናት ጋራዥ ይቆማል፡፡ ፖሊሽና ሰም ግን ለአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፡፡ የዕለት ገቢ ለሚጠብቅ ሚኒባስ ይህ ልዩነት ከቀለሙ ዋጋ ጋር መደመር ይኖርበታል፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ በአገራችን ገበያ «የፋብሪካ ቀለም ነው» የሚለው ቃል ዋጋ አለው፡፡ አዲስ የተቀባ መኪና ገዢውን ያስጠረጥራል፤ ተጋጭቶ ይሆን? ያሰኛል፡፡ ስለዚህ የሚድን የፋብሪካ ቀለም ፍቆ ማስቀባት ገንዘብ አውጥቶ ጥርጣሬ መግዛት ሊሆን ይችላል፡፡

ገዢም ይጠንቀቅ

ይኸው ሙያ ሌላ ፊት አለው፡፡ ለሽያጭ ሲባል ትናንት ማታ የተወለወለ መኪና እንከኑን ለሳምንት ይደብቃል፡፡ ቅባታማ ሰም ስስ ጭረትን ይሞላል፡፡ ስለዚህ መኪና በቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ ሆኖ ይታይ፡፡ ከጎን ሆነው ብርሃኑን ሲመለከቱ በአንዱ በር ላይ ያለው ነጸብራቅ ከሌላው ከተለየ፣ በጎማዎቹ ጠርዝ ላይ የቀለም ብናኝ ካለ ያ ክፍል ተቀብቷል፡፡ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋትም ያግዛል፤ ስቱኮ በበዛበት ብረት ላይ አይያዝም፡፡ ብርሃን መልካም ነው፤ ግን ብርሃን ሞተርም፣ ሻንሲም አይደለም፡፡

ላቫጆ ለከፈቱ ወጣቶችም ነገሩ ዕድል ነው፡፡ ማጠብ ሁሉም የሚችለው ሥራ ስለሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፡፡ ቀለም ለይቶ፣ ኮምፓውንድን ከሰም ለይቶ የሚሠራ ሰው ግን በሚሸጠው ውኃ ሳይሆን በሚሸጠው ዕውቀት ይከፈለዋል፡፡ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ለምሳ የሚቆመው መኪና ብዙ ነው፡፡ አንድ ደንበኛ ግን መቼም አይዘንጋ፤ በችኮላ የተቃጠለ ኮፈን ባለቤቱ ዳግመኛ አይመለስም፣ ለሌላውም ሳይናገር አያድርም፡፡

ባለመኪናው በበኩሉ የሚይዘው አንድ ቀላል ደንብ አለው፡፡ ኮምፓውንድ ሲያስፈልግ ብቻ፣ ሰም በየጊዜው፣ ጥላ ሁልጊዜ፡፡ ነገ ገዢው ጣቱን በኮፈኑ ላይ ሲስብ ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ የዋጋው ክርክር ከሌላ ቦታ መጀመር ይኖርበታል፡፡