አቻ ውጤት የሚሸፍነው ስሕተት፦ አንድን የአማተሮች የቼዝ ጨዋታ ስለ መመርመር



የተሸነፈ ተጫዋች ስሕተቱን ይፈልጋል፤ ያሸነፈም ድሉን ደጋግሞ ማየት ይወዳል። በአቻ የተለያዩ ግን ተጨባብጠው ይሄዳሉ፤ ጨዋታው የተመዘገበበት ወረቀትም ተጣጥፎ ይቀራል። የመክፈቻ አጨዋወቱን ማሻሻል የሚሻ ሰው ያን ወረቀት መልሶ ሊዘረጋው እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ጨዋታው በሁለት አማተሮች መካከል የተደረገ፣ በጣሊያን መክፈቻ የተጀመረ ነው። የሰሌዳውን ዓምዶች ከነጭ ግራ ጀምረን ከኤ እስከ ኤች እንጥራቸው። የንጉሥ ወታደሮች በኢ4 እና በኢ5፣ ፈረሶች በኤፍ3 እና በሲ6፣ ቢሾፖች በሲ4 እና በሲ5 ቆሙ። ቀጥሎ ነጭ ወታደሩን ወደ ሲ3፣ ጥቁር ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 አንቀሳቀሱ። በ5ኛው እርምጃ ነጭ ሌላ ወታደር ወደ ዲ4 ገፋ፤ ጥቁር በላው፤ ነጭም በሲ3 ወታደሩ መልሶ በላ። አሁን የነጭ ሁለት ወታደሮች በዲ4 እና በኢ4 ጎን ለጎን ቆመው መካከሉን ይዘዋል፤ የዲ4ቱም የጥቁርን ቢሾፕ ያስፈራራል።

ጥቁር ቢሾፑን ወደ ቢ6 አሸሸ። ነጭ ፈረሱን ወደ ሲ3 አወጣ። ጥቁር የኢ4ን ወታደር በፈረሱ በላ፤ ነጭ ያን ፈረስ በፈረሱ ሲበላ፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ ቢሾፑንና ፈረሱን በአንድ ጊዜ አስፈራራ፤ የሰጠውንም አስመለሰ። መካከሉ ፈረሰ፤ ጠጠሮች ተለዋወጡ፤ ውጤቱም አቻ ሆነ። ሁለቱም መክፈቻውን በሚገባ እንደተጫወቱ አምነው ተለያዩ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቢሾፑ ወደ ቢ6 በሸሸ ጊዜ ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ5 ቢገፋ የሲ6ን ፈረስ፣ ቀጥሎም ሌላውን ወደ ኢ5 ቢገፋ የኤፍ6ን ፈረስ ያባርር ነበር። ለጥቁር ትክክለኛው እርምጃ ቢሾፑን ወደ ቢ4 ወስዶ ንጉሡን ቼክ ማለት ነበር። ነጭ በቢሾፑ በዲ2 ቢከላከል፣ ቢሾፖች ከተለዋወጡ በኋላ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ የነጭን መካከል ይሰብራል። ነጭ በፈረሱ በሲ3 ቢከላከል ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ጣሊያናዊ ጆአኪኖ ግሬኮ ጀምሮ ሲጠና ወደኖረው መንገድ ይገባሉ። እንግዲህ ጥቁር ሳተ፤ ነጭም ሳይቀጣው ቀረ። አቻነቱ የመጣው ከአጀማመራቸው ትክክለኛነት ሳይሆን ስሕተቶቻቸው ከመጣፋታቸው ነው።

ይህን ለማግኘት ኮምፒውተር አስቀድሞ መክፈት አይበጅም። ኮምፒውተር የተሻለውን እርምጃ ይነግረናል፤ እኛ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብን ግን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት ከትውስታ እንጻፍ። ቀጥለን ምክንያታችን የባላጋራን ዛቻ ያልቆጠረበትን የመጀመሪያ ቦታ እንፈልግ። የተሻለውን እርምጃ ከነምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካሰፈርን በኋላ ብቻ በኮምፒውተር እናመሳክር። በመጨረሻም ያንኑ አሰላለፍ ከጓደኛ ጋር በነጭም በጥቁርም ደግመን እንጫወተው።

በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ስለነበር፣ የባላጋራን አሰላለፍ መከታተል ግድ ነበር። ለሁለቱ አማተሮቻችን የጎደላቸው ይኸው ነው። አንዱ «ቢሾፔን ላድን»፣ ሌላው «ፈረሴን ላውጣ» አለ፤ ሁለቱም ከሰሌዳው ማዶ አላዩም።