የድንኳን ማረፊያ ምርጫ (ከይፋት ቆላ እስከ ወፍ ዋሻ)

የድንኳን ማረፊያ ምርጫ (የካምፕ ቦታ ምርጫ) ማለት ተጓዥ፣ ተማሪ ወይም ጎብኚ ከቤት ውጭ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበትን ቦታ የሚለይበት መንገድ ነው። ይህ መጣጥፍ በሰሜን ሸዋ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ አንሥቶ በወፍ ዋሻ ደን በኩል እስከ መንዝ ጓሳ ያለውን አካባቢ ይመለከታል። በዚህ አካባቢ ከፍታው በጥቂት ሰዓት ጉዞ በ2,000 ሜትር ያህል ስለሚለያይ፣ በቆላው ጥሩ የሆነ ምርጫ በደጋው ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ታሪክ

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ቀድሞ የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ስለነበር፣ ሰፈሩ የሚተከለው ውሃ፣ የማገዶ እንጨት፣ የከብት ሳርና ለመከላከል የሚመች ከፍታ በሚገኝበት ቦታ ነበር። በዙሪያው ያለው እንጨትና ሳር ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበርም ቆላውን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ እንኳ በማገዶ እጥረት ተቸግራ ነበር፤ ችግሩን ያቃለለው የባሕር ዛፍ መስፋፋት ነው። ከእነዚህ የጥንት መመዘኛዎች ውሃና ከፍታ ዛሬም ያገለግላሉ። እንጨት ግን አያገለግልም፤ የቀረው ደን ጥቂት ስለሆነ ማገዶ ከደኑ መልቀም ማረፊያውንም ሆነ ደኑን ያጠፋል።

መልክዓ ምድር

ሸዋ ሮቢት በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። የአየሩ ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ 22 ዲግሪ በሆነ ጊዜ 3,200 ሜትር ላይ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል።

ወፍ ዋሻ ከተራራው ጫፍ ወደ ቆላው በሚወርደው ገደላማ ቁልቁለት ላይ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ጽድና ኮሶ ይገኙበታል፤ ከላይኛው ጫፍ ደግሞ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። በትውፊት የመናገሻ ደን ዘር በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ እንደተወሰደ ይነገራል።

በቆላው

በይፋት ቆላ ለድንኳን እጅግ የሚስበው ቦታ ብዙውን ጊዜ አደገኛው ነው። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ሜዳ፣ ንጹሕና በዛፍ የተጠለለ በመሆኑ ለማደር ምቹ ይመስላል። ሆኖም እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች የሚነሡት ከላይ ከተራራው ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ ሊሆን ስለሚችል፣ ደራሽ ጎርፍ ዝናብ ያልጣለበትን ሰው በእንቅልፉ ይደርስበታል። በዛፍ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ ውሃው ቀድሞ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል፤ ድንኳን ከዚያ ምልክት በላይ መተከል አለበት። ይህ በተለይ በበልግና ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይጠቅማል።

ሁለተኛው አደጋ ወባ ነው። ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚታይ ሲሆን፣ የሚበረታውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ ወቅት ሰማዩ የሚጠራበትና ለጉዞ የሚመረጥበት ጊዜ መሆኑ ያዘናጋል። ከረግረግና ከመስኖ ቦይ መራቅና በአጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ተጓዡ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ትኩሳት የተሰማው ሰው ቆላ ማደሩን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በደኑ

በወፍ ዋሻ ዋናው ችግር ቁልቁለቱ ነው። የደብረ ሲና አካባቢ ተዳፋት ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ በመሆኑ፣ መሬቱ የተሰነጠቀበት፣ ዛፎቹ ያዘነበሉበት ወይም ትኩስ የወደቀ ድንጋይ የሚታይበት ቦታ አይመረጥም። የሚሻለው በተዳፋቱ መካከል ያለ፣ ቀድሞ ሰው ያረፈበት ደልዳላ መሬት ነው። አዲስ ቦታ መመንጠር ችግኞችን ይጎዳል፤ የተራቆተውንም አፈር ክረምቱ ይጠርገዋል።

አስታ በበጋ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአጠገቡ እሳት አይነድም፤ ምግብ በቡታ ጋዝ ወይም በላምባ ምድጃ ይበስላል። ከደኑ የሚወርደውን ምንጭ ከታች ያሉ መንደሮች ስለሚጠጡት፣ ድንኳንና መጸዳጃ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። በከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የመጠጥ ውሃ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ ይኖርበታል። ጭላዳዎች የሚያድሩት በገደል ላይ ነው፤ ከገደሉ አፍ መራቅ ለእነሱም ለሰውም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀችው የአንኮበር ሴሪን የተባለችው ወፍም በእነዚህ ገደላማ ቦታዎች ትኖራለች።

በደጋው

የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል፤ በመሆኑም ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለና ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይሻላል። ከቆላ በቀጥታ ወጥቶ የሚያድር ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል፤ አስቀድሞ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ማደር ይረዳል። ሕመሙ ከባሰ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ጓሳ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በነዋሪው ሲጠበቅ ቆይቷል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተከልሎ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፣ ቦታው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደው ቦታ ሲሆን፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ጥበቃውን ይደግፋል።

ፈቃድና ጸጥታ

ሰው የሌለበት የሚመስል መሬት የግጦሽ፣ የመቃብር ወይም የቤተ እምነት ይዞታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቀበሌው ወይም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ፈቃድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ሸዋ ግጭቶች ስለተከሰቱ፣ ከጉዞ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ከሁሉ ይቀድማል። የጎርፍ ምልክት፣ የመሬት ስንጥቅና የገደል አፍ በጨለማ ስለማይታዩ፣ ማረፊያ ቦታ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መመረጥ አለበት።