የገና ገበያ በአምቦ መንገድ

ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በዓል መቃረቡን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያሻውም። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን ሲያልፍ ሰንጋ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ያገኛል፤ በመንገዱ ዳር ዶሮ አንጠልጥለው ገዢ የሚጠብቁ ልጆችን፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው የተቀመጡ እናቶችን ያያል። በልብስ ቤቶች በር ላይ የገና ቅናሽ የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በከብት ተራው ግን ቅናሽ የሚባል ነገር የለም፤ በጉ ካለፈው ሳምንት ዛሬ፣ ከዛሬ ነገ እየተወደደ ይሄዳል። በአንድ በዓል፣ በአንድ ከተማ፣ አንዱ ዋጋ ሲወርድ ሌላው የሚወጣው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን የነጋዴ ስግብግብነት ነው ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔ ግን ምክንያቱ ከዚያ ይጠልቃል እላለሁ፤ ፍቱን መድኃኒቱም ከዋጋ ተመን ይልቅ ድሮም ከእጃችን ያልወጣው ቅርጫ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ገና የብርድ ወራት በዓል ነው፤ ለእኛ የበጋ፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ በጄልዱና በደንዲ ከፍታዎች ውርጭ የሆነበት ሰሞን ነው። ልዩነቱ ግን በአየሩ አያበቃም። እዚያ ሰው ለበዓሉ በብዛት የሚገዛው ልብስ፣ ስልክ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ባጭሩ ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ ነው። ፋብሪካው ከወራት በፊት አብዝቶ ያመርታል፣ መጋዘን ይሞላል። ያልተሸጠው ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ፋሽኑም ያልፍበታል፤ ስለዚህ ባለሱቁ ቀንሶ ቢያራግፈው ይሻለዋል። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር አጋማሽ ገደማ የሚውለው ብላክ ፍራይደይም ሆነ ከገና ማግስት ያለው ቅናሽ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። የአምቦ ልብስ ቤትም ቢሆን ዋጋ የሚቀንሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በሬ ግን ለዕርድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ገና ደረሰ ብሎ የሚያበዛው የለም። ባይሸጥም ፋሽን አያልፍበትም፤ ጌታው ገመዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ገሃድን ጨምሮ 44 ቀን ይጾማል። በእነዚህ ሳምንታት ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ የእንቁላልና የወተት ፈላጊ ይጠፋል። ላሟ ግን አትጾምም። እንደ ሆለታ ባሉ የወተት አካባቢዎች ገዢ ያጣው ወተት ተንጦ ቅቤ ይሆንና ለበዓል ይጠበቃል። ከዚያ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ሚሊዮኖች በአንድ ማለዳ አብረው ይፈስካሉ። በአንድ ወር ተኩል ሊከፋፈል ይችል የነበረ ፍላጎት በሁለትና በሦስት ቀን ገበያ ላይ ይወርዳል። ገናን አብረው የሚያከብሩት፣ በምዕራብ ሸዋ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የፕሮቴስታንት ምእመናንም ይህን ጾም ባይጾሙ እንኳ የሚገዙት በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ውድ ዋጋ ነው። ከሻጩ ወገን ደግሞ እንየው። ታኅሣሥ ጤፉ ታጭዶ የሚወቃበት ወር ነው። የመሬት ግብሩ፣ የማዳበሪያ ዕዳው፣ የልጆች ወጪው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚመጣ የጊንጪና የአምቦ ዙሪያ ገበሬ እህሉን የሚሸጠው ገበያው በጠገበበት፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ዋጋው የሚወጣለት ሀብቱ ከብቱ፣ በጉ፣ ዶሮው ነው። ከተሜውን የሚያስመርረው የበዓል ዋጋ ለገበሬው በእህሉ ያጣውን በከፊል የሚያካክስበት ዕድል ነው፤ ይህን ሳያዩ በዓል ተወደደ ብሎ ማማረር ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

ትርፉን የሚበላው ገበሬው ሳይሆን ደላላው ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነትነት አለው። ከጌዶ የተነሣ በሬ አዲስ አበባ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፣ እያንዳንዱም እጅ የራሱን ይቆርጣል። ሆኖም ደላላው የሚጫወተው ጾሙና በዓሉ በፈጠሩት ፍላጎት ላይ ነው፤ እሱ ባይኖርም ዋጋው ይወጣ ነበር። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ እንደታየው መንገድ በጸጥታ ችግር ሲታወክ ደግሞ ጉዳቱ ለሁለቱም ወገን ነው፤ ገበሬው ገዢ ያጣል፣ የከተማው ሸማች በሬ ያጣል። የዋጋ ጣሪያ ይውጣ የሚሉም አሉ። ለስኳርና ለዘይት ተመን ሲወጣ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ይሰወራል። በሬ ከስኳር ይልቅ ለመሰወር ይቀለዋል፤ በራሱ እግር ይሄዳል። የእሁድ ገበያው በሽንኩርትና በእንቁላል ዋጋ ላይ ጥቂት ያግዛል፤ እስከ በሬው ግን አይዘልቅም።

የሚዘልቀው ቅርጫ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ድንቅ ነገር አለው። ጎረቤታሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ተራው ይላካሉ። እነሱም ሻኛውን በእጃቸው ይጨብጣሉ፣ የጭራውን ሥር ይዳብሳሉ፣ በሬው ጠግቦ ውኃ ጠጥቶ ሆዱን የነፋ እንደሆነ ይጠረጥራሉ። በበዓሉ ማለዳ ታርዶ በቅጠል ላይ ሲዘረጋ ሽንጡም፣ ዳቢቱም፣ ጎድኑም፣ ፍሪምባውም፣ ጉበቱም ከእያንዳንዱ ብልት ለሁሉም እየተቆረሰ እኩል መደብ ይሆናል። ከዚያ ባለድርሻዎቹ ቁልፍ፣ እንጨት፣ ጠጠር፣ ያገኙትን ምልክት ይሰጣሉ፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ባለጠጋውም ደሃውም ዕጣው የሰጠውን ይወስዳል። አንድ በግ ብቻውን መግዛት የማይችል ቤተሰብ የሰንጋ ሥጋ የሚበላው እንዲህ ነው። በገጠር ደግሞ ከጎረቤቶቹ አንዱ በሬውን በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡን እህል ሲሸጥ የሚቀበልበት ልማድ አለ። በዚህ ውስጥ ትርፍ የሚቆርጥ መሐል ሰው የለም፤ ቅናሹ የሚመጣው ከጎረቤት መተማመን ነው። ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ፣ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገረውና አማርኛ የሚናገረው በአንድ ቅርጫ ውስጥ ሲገኙ ማየት በአምቦ ብርቅ አይደለም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የጤና ነው፤ ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። በሰፈር የሚታረድ በሬ አብዛኛውን ጊዜ በሐኪም አይታይም። አባ ሰንጋ ይገድላል፤ ኮሶ በጥሬ ሥጋ ይተላለፋል፤ እኛም ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ነን። ይህ ግን ቅርጫን ለማሻሻል እንጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። በዋዜማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሰፈር በሰፈር ተመድቦ በሬውን ከመታረዱ በፊት፣ ሥጋውን ከታረደ በኋላ ቢያይ ለከተማ አስተዳደር ከባድ ሥራ አይደለም። ቆዳውም ሊታሰብበት ይገባል። ቀድሞ በበዓል ማግስት የቆዳ ነጋዴ በየሰፈሩ እየዞረ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ዋጋው ወድቆ በየቦዩ ይጣላል፣ ከተማውን ያገማል። ሌላው ተቃውሞ፣ ለመዋጮ የሚሆን እንኳ የሌለው ሰውስ? የሚል ነው። ለእሱ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አንድ መደብ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብዙ ድርሻ ባለበት ቅርጫ ለእያንዳንዱ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ገና ግን ሥጋ ብቻ አይደለም ለሚል አንባቢ እስማማለሁ። በአማርኛ ለበዓሉም ለጨዋታውም ስሙ ገና እንደሆነ ሁሉ በአፋን ኦሮሞም በዓሉ ስሙን የወሰደው ቂሌ ከሚባለው ከዚሁ ጨዋታ ነው፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር መምታት። የሚጫወቱትም አዝመራው በተነሣበት ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ቀን ጌታ ሎሌው ቢመታውም አይቆጣም ይባላል። ዛሬ በየሆቴሉ የፕላስቲክ ጽድና የገና አባት ሲቆም፣ ለጨዋታው የሚሆን ሜዳ ደግሞ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ይጠባል። ዱላና ሩር ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያስፈልገው ማዘጋጃ ቤቱ የማይሸጠው አንድ መስክ ነው።

ቅርጫን ለሚያስቡ ጎረቤታሞች ግን ጊዜው የበዓሉ ሳምንት አይደለም። ከጥምቀት በኋላ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ይመጣል፣ የከብት ተራውም እንደገና ይቀዘቅዛል። ከሲታ በሬ በዚያን ጊዜ በደህና ዋጋ ይገኛል፤ ገለባው ከአውድማ፣ አተላው ከጠላ ቤት አለ። ስም ዝርዝሩን በደብተር ጽፎ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ለሚያዋጣ ሰፈር፣ የፋሲካው ሰንጋ ጾሙ ሲገባ ተገዝቶ በግቢ ይቀለባል።